ጀርባ ለጀርባ የተበየደችው ባቡር

ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይውጣልኝ። ይህን ነገር ሳስታውስ ሁልጊዜ ከመሃሉ ጀምሬ እስቃለሁ፤ ዋናው ግን ያለው መጨረሻው ላይ ነው፣ ጓደኝየው የተናገራት ነገር ላይ። እሷን አሁን አልነግርሽም። አንቺ ሻንጣሽን ደጃፌ ላይ አስቀምጠሽ «እኔም እለፋለሁ፣ ባሌም ይለፋል፣ ቤታችን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ከሁለታችን ጎታቹ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ተቀመጪና ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፉርጎ ሲገፋ የኖረ ሰው። የሚነዳት ባቡር አጭር፣ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ ነበረች። ሥራዋ ፉርጎውን ከዚህ ሐዲድ አንሥታ እዚያ ሐዲድ ላይ ማሰለፍ ነው። ትልልቆቹ ባቡሮች እሷ የደረደረችላቸውን እየጎተቱ አገር ያቋርጣሉ፤ እሷ ከግቢው በር አትወጣም። ሰውየውም እንደዚያው። በሌላው ፈረቃ የሚነዳት አንድ ጓደኛ ነበረው፤ እሱም ባቡር ይዞ ከበሩ ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱም እዚያው አርጅተው ጡረታ ወጡ።

አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሁለቱም አንድ አንድ ስጦታ ሰጥቷቸው ነበር፤ ያቺኑ የሚነዷትን ባቡር የምትመስል፣ በእጅ የምትያዝ፣ በመብራት የምትሄድ መጫወቻ። መጫወቻ ያልኩት ላንቺ ነው እንጂ በፊታቸው እንዲህ ብትያት ሰላምታ ይነፍጉሽ ነበር።

ሰውየው ለእሷ ሲል ሳሎኑን ሙሉ የያዘ ጠረጴዛ አሠራ። ሐዲድ ዘረጋበት፤ ከካርቶንና ከጄሶ ዳገት ሠራ፤ ዳገቱ አናት ላይ በኮምፔርሳቶ አንዲት ጣቢያ አቆመ። ሚስቱ «እንግዳ ሲመጣ የት ላስቀምጠው፣ ፉርጎ ላይ?» ትላለች፤ እሱ አይሰማም። ጓደኛው በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሽርጡን አገልድሞ፣ የራሱን ባቡር በፎጣ ጠቅልሎ ይመጣል። ሙቀቱ እስኪበርድ ሁለቱ አጎንብሰው ፉርጎ ሲገፉ ይውላሉ። ሰውየው ለማንም አይናገረውም እንጂ ከእንቅልፉ ሲነሣ የሚያስባት ያቺን ሰዓት ነበር።

ችግሩ ዳገቱ ነው። የሱም ባቡር፣ የጓደኛውም ባቡር፣ ፉርጎ ከተቀጠለላት ዳገቱን መውጣት አትችልም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተንሸራታ ትመለሳለች። አቅሟ ለግቢ ነዋ።

አንድ ቀን ጓደኝየው «አቦ፣ ለምን ሁለቱን አንድ አናደርጋቸውም?» አለ። «እኛ ግቢ ውስጥ አረጀን። እነሱ እንኳ ይውጡ።»

ሰውየው ደስ አለው። ከዚያ ወዲያው ተጣሉ። ከፊት የማን ትሁን?

«የኔ ፊት ትሁን።»

«ያንተዋ ቀለሟ ተላልጧል፤ እሷን አስቀድመን ሰው እናስደንግጥ?»

«ያንተዋስ ፋኖሷ የት አለ?»

ይሄ ክርክር ብዙ ከሰዓት በላ። በመጨረሻ ታረቁ፤ እንዴት ታረቁ በይኝ። ጀርባ ለጀርባ እናድርጋቸው ተባባሉ። የሁለቱንም ኋላ በሰጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ ቆረጡ፣ ሞርሳ ላይ ጠፍረው በሊማ ሞርደው አስተካከሉ፣ ላሜራ ደርበው ስታኞ አቅልጠው በየዱት። አንድ ዓይነት ቀለም ቀቧት። በዚያም ጫፍ ፊት፣ በዚህም ጫፍ ፊት ያላት አንዲት ረጅም ባቡር ወጣቻቸው። ማንም ኋላ አልሆነም።

መብራቱን ከሐዲዱ አሳምራ የምትቀበለው ግን የጓደኝየው ባቡር ብቻ ነበረች፤ የሰውየው ባቡር መቀበያ ከድሮም ተበልቷል። ስለዚህ ሰውየው ከዚያችኛዋ ወደዚህችኛዋ ሽቦ ወሰደ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር አገናኘ። «ለማንም አላዳላሁም» አለ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ።

እሑድ ዕለት ሚስትየውን ጠሩ። ፉርጎዎቹን ቀጠሉ። ሰውየው ማብሪያውን ጠመዘዘ።

እምምም አለች። ተንቀጠቀጠች። ቆመች።

መብራቱን ጨመረላት። ባሰባት፤ ባለችበት ትንዘፈዘፋለች እንጂ ንቅንቅ የለም።

«ያንተዋ ናት ጎታቿ» አለ ጓደኛው። «የኔዋ ልትሄድ ትፈልጋለች፣ ያንተዋ ይዛታለች።»

«የኔዋ? ያንተዋ ሞታለች እንጂ። በድን ነው የተሸከምኩት።»

ነገር ከባቡሮቹ አልፎ ወደ ሰዎቹ መጣ። ድሮ በማን ፈረቃ የተበላሸውን ፉርጎ ጠዋት ማን ያስተካክል እንደነበር ሳይቀር ተነሣ። ጓደኛው በመጨረሻ ፎጣውን ከወንበር ላይ አነሣና «ቁረጥና የኔን ግማሽ ስጠኝ» አለ። «ጠቅልዬ ልሂድ። ሁለተኛ እዚህ ቤት አልደርስም።»

ሰውየው ሰጌቶውን አነሣ። ምን ሊቆርጥ እንደሆነ ያውቃል። ከነገ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ብቻውን ሊሆን ነው። ግን ኩራቱ አለ፣ ሚስቱም ቆማ ታያለች፤ እንዴት ብሎ ይተዋል። እንዳትነቃነቅበት በግራ እጁ ባቡሯን ያዝ አደረገ፣ ያውም በጓደኛው በኩል፣ በበድኗ በኩል።

ጣቱን ፈጀችው። ለቀቃትና አፉ ውስጥ ከተተው።

«ነከሰችህ?» አለች ሚስቱ።

ጣቱን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ። የማትሠራ ከሆነ በምን ሞቀች? ሌላውን ጣቱን ምራቅ አስነካና በራሱ ባቡር በኩል ሞከረ፤ እሷም ያው እሳት። ሰጌቶውን አስቀመጠ። መብራቱን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ አንዷን ጫፍ አየ፣ ዞሮ ሌላዋን አየ።

«አቦ፣ አንዳቸውም አልሞቱም» አለ። «ሁለቱንም ወደ ፊት ሂዱ ብለናቸዋል። ያንተዋ ፊት ወደ መስኮቱ ነው፣ የኔዋ ፊት ወደ በሩ።»

ከዚያ ማንንም ሳያማክር ካቻቪቴውን አነሣና የራሱን ባቡር ሽቦዎች ፈታ። ቀዩን ወደ ጥቁሩ፣ ጥቁሩን ወደ ቀዩ አዞረ። የጓደኛውን አልነካም። እስክትበርድ ጠበቋት። ማብሪያውን ቀስ አድርጎ ጠመዘዘ።

ሄደች። ፉርጎዎቿን ሁሉ አስከትላ ዳገቱን ወጣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሁልጊዜ የሚንሸራተቱባት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ዝግ አለችና አለፈች። ጣቢያዋ ፊት ደርሳ ቆመች። ሚስትየው እንኳ አጨበጨበች።

ሰውየው ተደስቶ ሳይጨርስ ልብ ብሎ አየ። የጓደኛው ባቡር ፊቷን ወደ ጣቢያው አድርጋ ገብታለች። የሱ ግን ዳገቱን ሙሉ የወጣችው በጀርባዋ ነው፣ ፉርጎዎቹን እያየች። ፊቱ ቅጭም አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄ፣ ከግቢ የወጣሁ ቀን ወደ ኋላ እየሄድኩ?» አለ።

ጓደኛው ሳቀ። ምን እንዳለው እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ያንቺን ልጨርስልሽ።

ጎታቹ ማን ነው አልሽኝ። ሁለታችሁም ናችሁ። ባቡር ሌላ ምን ሥራ አለው? አንቺ ሱቁን ላስፋ ብለሽ ትጎትቻለሽ፣ እሱ ላዳውን ወደ ሚኒባስ ልቀይር ብሎ ይጎትታል፤ ማታ ሁለታችሁም እሳት ሆናችሁ ትገባላችሁ፣ ቤቱ ቆሟል። የሞተ ነገር አይሞቅም፣ የኔ ልጅ። ባልሽን ሰነፍ ከማለትሽ በፊት እጅሽን ጣል አድርጊበት። ሻንጣሽ ሰጌቶ ነው፤ አስቀምጪው። ከዚያ ሱቁ ይቅደም ወይስ ሚኒባሱ፣ አንዱን ምረጡና ሌላኛችሁ ሽቦውን ያዙርለት። ማን ያዙር ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ጣቱ ቀድሞ የተቃጠለው ነዋ። ጣትሽ ተቃጥሎ እዚህ ድረስ የመጣሽው አንቺ ነሽ።

ደግሞ ወደ ኋላ መሄዱ ከከበደሽ፣ ጓደኛው ያኔ፣ ፎጣውን መልሶ ወንበሩ ላይ እየጣለ፣ ለሰውየው ያለውን አስቢ፦

«አቦ ምን ያስኮርፍሃል፣ ባቡር አይደለም እንዴ? ይመለሳል። ስንመለስ ፊት አንተ ነህ።»