ግማሽ ቁና፣ ግማሽ ቀዘፋ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ ቸኩሎ የመጣም ይቀመጥ።

በድሮ ዘመን በአንድ ሐይቅ ዳር ስምንት ታንኳ ቀዛፊዎች ነበሩ። አራቱ ነባሮች፣ አራቱ አዲሶች። ነባሮቹ በቀኝ፣ አዲሶቹ በግራ ተቀምጠው አንዲቱን ትልቅ የደንገል ታንኳ ይቀዝፋሉ። ሐይቁ አንድ፣ ላቡ አንድ። የወደቡ ሹም ግን በየሳምንቱ ለነባር ሙሉ ቁና ጤፍ፣ ለአዲስ ግማሽ ቁና ይሰፍራል።

ከነባሮቹ አንዱ አያ ጓንጉል ይባላል። ሙሉ ቁናውን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ያፍር ነበር።

አንድ ቀን ስምንቱም አብረው፣ «እኩል ይሰፈርልን» ብለው ለሹሙ አቤት አሉ። ሹሙ ነባሮቹን ለብቻ ጠራና፣ «ለእነሱ ብጨምር ከእናንተ ቁና ነው የምቀንሰው» አላቸው። ነባሮቹ ሙሉ ቁናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለተኛ አቤት ሲሉ አዲሶቹን ለብቻ ጠራ። ሹም ነውና ምላሱ ሁለት ነው። «እኔማ ልጨምር ነበር፤ እንቢ ያሉት ነባሮቹ ናቸው» አላቸው። አዲሶቹ ጥርሳቸውን ነከሱ።

ከዚያ ወዲያ ማኅበራቸው ፈረሰ። በአንድ ጽዋ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ጽዋ ለዩ። ታንኳ ላይም ቀኙ ሲቀዝፍ ግራው በንዴት ለገመ። ታንኳዋ መሐል ሐይቅ ላይ እንደ እንዝርት ዞረች። የጫኑት እህል ራሰ፤ ለስምንቱም ጅራፍ ደረሳቸው።

አያ ጓንጉል ጀርባውን እያሻሸ አዲሶቹ ዘንድ ሄደ። ከእነሱ ቢያድግልኝ የሚባለው፣ «አያ፣ ሙሉ ቁናዎ ጎደለ እንዴ?» አለው።

«አልጎደለም ልጄ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማሁ ብቻዬን በላሁ፤ አጥፍቻለሁ። ስንጣላ ታንኳዋ እኛን አዞረችን። ተስማምተን ብናዞራትስ፣ ማንን ታዞራለች?»

ቢያድግልኝ ሳቀ። ጽዋውን አንስቶ አስቀድሞ ለሽማግሌው ሰጠው። ሌሎቹም ተጠርተው ከዚያው ጽዋ ጠጡ።

በሦስተኛው ቀን ሹሙ ራሱ ካባውን ለብሶ ታንኳ ላይ ወጣ። ከሐይቁ ማዶ ንጉሡ ግብር ያበላሉና ሹሙም ተጠርቷል። መሐል ሲደርሱ ቀኙ በሙሉ ጉልበት ቀዘፈ፣ ግራው በግማሽ። ታንኳዋ አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለት ጊዜ ዞረች። ሦስት ጊዜ ዞረች።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ሹሙ።

«ለሙሉ ቁና ሙሉ ቀዘፋ፣ ለግማሽ ቁና ግማሽ ቀዘፋ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቢያድግልኝ።

ሹሙ ወደ አያ ጓንጉል ጠጋ ብሎ፣ «ላንተ ሁለት ቁና እሰጥሃለሁ፤ እነዚህን አደብ አስገዛልኝ» ሲል አንሾካሾከ።

አያ ጓንጉል ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሁለት ቁና አልፈልግም፤ ለሁላችንም እኩል ይስፈሩልን። ደንገል ደግሞ በቆየ ቁጥር ውኃ ይጠጣል፤ እግርዎን ይመልከቱ» አለ።

ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ከማዶ ነጋሪት ተጎሰመ። ሹሙ ጅራፉን ቢያነሳ ማን ይቀዝፍለታል? «ንጉሥ ይሙት፣ ለሁላችሁም ሙሉ ቁና» ብሎ ማለ። በንጉሥ የማለ ደግሞ መሐላውን አያፈርስም። ስምንት መቅዘፊያ እኩል ወረደ፤ ታንኳዋም ቀጥ ብላ ሄደች።

ልጆቼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ግን እኩል ቁረሱት።