ሁሌ የሚተርፈው ሰውዬ

አንድ ንጉሥ የድንበሩን በር የሚጠብቅለት ሹም ፈለገና ሁለት ጎረቤታም ባላባቶችን ጠራ፤ ፊታውራሪ ጓንጉልን እና ቀኛዝማች አጥናፉን። "ወታደሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ" አላቸው። "በሁለት ልበል፣ በአስር ልበል፣ እንዳልኳችሁ እኩል እኩል አሰልፉልኝ። ከሰልፍ ውጪ ሰው የተረፈበት አይሾምም።"

አጥናፉ ስለ ሰልፉ መች አሰበ! ሰው ልኮ የጓንጉልን ወታደር አስቆጠረ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ። የራሱን ቆጠረ። ያው! እኩል! በቃ፣ እህል አልወርድ አለው። ልብ በሉ፣ አንሶ እኮ አይደለም! እኩል መሆኑ ነው ያንገበገበው! "ከሱ በአንድ ካልበለጥኩ ሰው አይደለሁም" ብሎ ውብሸት የሚባል ሸማኔ ከሚሠራበት ጉድጓድ ጎትቶ አወጣና ጦር አስያዘው።

ቀኑ ደረሰ። "በሁለት!" አለ ንጉሡ። የጓንጉል ልክ ሆነ። አጥናፉ ጋ ውብሸት ብቻውን ቀረ። "በሦስት!" ውብሸት ቀረ። "በሰባት!" ውብሸት። "በአስር!" ኧረ አሁንም ውብሸት!

ወታደሩ መሳቅ ጀመረ። "አያ ውብሸት፣ አንተ ሰልፉን ባራኪ ነህ እንዴ?"

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያን ከአንድ እስከ አስር በፈለጋችሁት አካፍሉት፣ ምንም አይተርፈውም። አንድ ጨምሩበት፤ ያ ሁሉ ደግ ቁጥር ይበላሻል፣ ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም።

ንጉሡ አዘነለት። "አጥናፉ፣ ይሄን ሰውዬ ወደ ቤቱ ስደደው። ሰልፍህ ይስተካከላል፤ ለሹመቱም ከጓንጉል ጋር ዕጣ ትጣጣላለህ።"

"ጃንሆይ፣ እሱን ከሰደድኩት እኮ ከጓንጉል እኩል ልሆን ነው!"

"ብትሆንስ?"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

ይሄኔ ውብሸት የያዘውን ጦር መሬት ላይ ጣለው። "ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለሰልፍ አልመጣሁም። ለቅናትዎ ነው የመጣሁት። ድሩን እንደዘረጋሁት ትቼዋለሁ፣ ደህና ይዋሉ" ብሎ መንገዱን ጀመረ።

አጥናፉ አበደ! በቅሎው ላይ ዘሎ ወጥቶ "ቁም! ቁም አንተ!" እያለ ሸማኔውን ማባረር ያዘ። አጥናፉ ሜዳውን አቋርጦ ሲጠፋ ንጉሡ ጥሏቸው ለሄደው ወታደሮቹ "በአስር!" አለ። ተሰለፉ። አንድም ሰው አልተረፈም። የጎደለው አዛዡ ብቻ ነበር። ሹመቱ ለጓንጉል ሆነ።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው! አጥናፉ እኮ ሙሉ ነበር! ምንም አልጎደለውም ነበር! ቅናት የጎደለውን አይሞላም፤ ሙሉው ላይ አንድ ጨምሮ ሁሉንም ያበላሻል። ያቺን አንዷን ስታባርር ደግሞ ያለህን ሁሉ ሜዳ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ማንን ለመብለጥ ብላችሁ ነው ውብሸትን ከጉድጓዱ ያወጣችሁት?