የቋያ እግርና የአቶ ቢተው መሐላ

አንድ በእህል ንግድ የከበረ ሰው ነበር፤ አቶ ቢተው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ኋላ የሚነገርለት ብዙ ደግ ነገር የለም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ገመዱን የበጠሰ በሬ መጣበትና ጣለው። ሰው ሁሉ አጥር ላይ ሲንጠለጠል ቋያ የሚባለው ውሻው ብቻ ወደ ፊት ሮጦ የበሬውን አፍንጫ ነከሰ፤ ጌታው ተነስቶ እስኪያመልጥ ድረስም አልለቀቀም። ቢተው በሬውን እዚያው ገዛውና ስለ ነፍሱ መትረፍ ድግስ ደገሰ።

በዚያ አገር ሥጋ የሚታደለው በማዕረግ ነው። ሻኛው ለማን፣ ሽንጡ ለማን፣ ጎድኑ ለማን እንደሚደርስ ልጅ እንኳ ያውቃል። አጥንቱና ሆድ ዕቃው መጨረሻ ላይ ለቀረ ሰው ነው። በድግሱ ቀን ቢተው ቢላዋውን አነሳና ለተከበረ እንግዳ ከሚሰጠው ሥጋ ቆርጦ ለውሻው ሰጠ። ቀጥሎም በሰው ሁሉ ፊት ማለ።

"ጊዮርጊስን፣ ከዛሬ ጀምሮ ቋያ ከምርጥ ቀይ ሥጋ ሌላ በአፉ ቢገባ እኔ ቢተው አይደለሁም። አጥንትና ጨጓራ የሰፈር ውሻ ይብላው።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሚስቱ ወይዘሮ እማዋይ ግን ትሪ ይዛ ቆማ ነበርና፣ "ይኼ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው" አለች በሆዷ።

የባሏን መሐላ ታውቀዋለች። እማዋይ ከማግባቷ በፊት ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በጣቷ ነክታ ለጋውን ከቆየው፣ ንጹሑን ከተደባለቀው ትለይ ነበር። ገበያ መሀል ስትቀመጥ ደንበኞቿ ይከቧታል፤ ትሟገታለች፤ ትስቃለች። በተጋቡ ማግሥት ቢተው፣ "የእኔ ሚስት መሬት ላይ ተቀምጣ ቅቤ አትመዝንም" ብሎ ማለና አንገቷ ላይ ወርቅ አሰረላት። ከዚያ ወዲህ መንገዷ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ሆነ። ነገሩን ስታነሳበት፣ "ምን ጎደለሽ?" ይላታል። ብሎም ተነስቶ ይሄዳል፤ መልሷን ቆሞ ሰምቶ አያውቅም።

ቋያ መጀመሪያ ላይ ወዛ፤ ሰውም አደነቀ። ወራት ሲያልፉ ግን ጠጉሩ ደረቀ። የመዳፎቹ ሥር ፀሐይ እንዳገኘው ጭቃ ተሰነጣጠቀና ከስንጥቁ ደም ይወጣ ጀመር። ግቢው ጠጠር የፈሰሰበት ነው፤ ውሻው አንዱን እግሩን ሲያሳርፍ ሌላውን ያነሳል።

ቢተው ተናደደ። መጀመሪያ ዘበኛውን፣ "የፈላ ውሃ ደፍተህበታል" ብሎ አባረረው። ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ "በዓይንህ በላህብኝ" ብሎ ተኳረፈው። በመጨረሻ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አንቺ ነሽ የማትጠነቀቂለት" አላት። ከዚያ ጫማ ሰፊ ጠርቶ ከለስላሳ ቆዳ ለአራቱም እግሮቹ ጫማ አሰፋለት። አገር ሊያይ መጣ፤ ቢተውም ደስ አለው። ጫማው ውስጥ የታፈነው ቁስል ግን መገለ፤ ሽታው እንግዳውን በር ላይ ይቀበለው ጀመር።

ሁዳዴ ሲገባና ሉካንዳ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ለውሻው ሲል በግ ማሳረድ ያዘ። ቀዩን ሥጋ እያስለየ ይሰጠዋል። ጉበቱን፣ ጨጓራውንና አጥንቱን ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ ያስቀብራል፤ መሐላ ነዋ። ሰፈሩ አጉረመረመ። እማዋይ በየቀኑ ያን ጉድጓድ ስታይ አፈሩን በእጇ ዝቃ አጥንቱን ለቋያ ልትሰጠው ይዳዳታል፤ ግን መሐላው በባሏ ራስ ላይ ያረፈ ነው፤ አፍርሼው አንድ ነገር ቢሆንስ ብላ ትፈራለች። በመፍራቷም በራሷ ትናደዳለች።

ሲብስባት ባሏን ሳታስፈቅድ የእንስሳት ሐኪሟን ዶክተር ሽታዬን አስጠራች። ሐኪሟ ጫማዎቹን አወለቀችና ፊቷን አዞረች። ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሮቹን አንድ በአንድ አጠበች፤ በጣቶቹ መሀል ያለውን እርጥበት በጨርቅ አደረቀች።

"ይህን ጫማ ማን ነው ያሰፋለት?"

"እኔ" አለ ቢተው ኮራ ብሎ።

"እንግዲህ ሁለተኛ አያድርጉለት። ቁስሉ ጠዋት ማታ ይታጠብ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ይህ ቅባት ይቀባ። ከጠጠሩ ላይ ይነሳና ገለባ ይነጠፍለት። ይህ ግን ግማሹ ሕክምና ነው። ምን ይበላል?"

"ምርጥ ቀይ ሥጋ። እኔና እርስዎ የማናገኘውን።"

"አጥንትስ?"

"አጥንት በእኔ ቤት?"

"ነገሩ እሱ ነው" አለች ሐኪሟ። "አውሬ አድኖ ሲበላ ሽንጡን መርጦ ሌላውን ትቶ አይሄድም። ሆድ ዕቃውንም ጉበቱንም አጥንቱንም ይበላል። ቀይ ሥጋ ብቻውን ጎዶሎ ነው። ሥጋው ይቅር አላልኩም፤ አጥንት ይጨመርበት፤ ያልተቀቀለ ይሁን፤ የተቀቀለው ይሰነጠርና አንጀቱን ይወጋዋል። ጨጓራ ታጥቦ ይሰጠው። ጉበት ከተመረመረ ከብት ትንሽ ትንሽ፤ እሱም ሲበዛ ይጎዳል። ሚዛኑ ካልተጠበቀ እግሩን ከላይ እያጠባችሁለት ከውስጥ ይፈርሳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አይደል የሚባለው?"

"ምያለሁ" አለ ቢተው። "ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እርስዎ እግሩን ያክሙ፤ አፉን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ሐኪሟ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። እማዋይ እስከ በር ስትሸኛት ሐኪሟ፣ "እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱን አያልፍም" አለቻት። እማዋይ ወደ ውስጥ ተመልሳ የጨው ውሃ ጣደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ እግሮቹን ታጥብለታለች፤ ታደርቃለች፤ ትቀባለች። ቁስሉ ይደርቅና እንደገና ይከፈታል። ቢተው በአጠገቧ ሲያልፍ፣ "አልዳነም እንዴ እስካሁን?" ይላል፤ ጥፋቱ የቅባቱ እንደሆነ ሁሉ። እማዋይ ቀና ሳትል ጨርቁን ትጨምቃለች።

ቢተው ከበሬው የተረፈበት ቀን ዓመት ሲሞላው ድግስ ተደገሰ፤ በሬም ተጣለ። እንግዶቹ እንደ ማዕረጋቸው ተቀመጡ። ቢተው አምና ያደረገውን ዘንድሮም ሊያሳያቸው ከሻኛው አጠገብ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ቆረጠና ከፍ አድርጎ ያዘው።

"ቋያ፣ ና" አለ።

ውሻው ከገለባው ላይ ተነሳ። እየተንገዳገደ እስከ ጌታው እጅ መጣ። ሥጋውን አሸተተውና አለፈው። በጠጠሩ ላይ የደም ፋና እየተወ ወደ ጓሮ ሄደ፤ አራጆቹ ጨጓራና አጥንት ጥለውበት ገና አፈር ያልመለሱበት ጉድጓድ ደረሰ። ጭንቅላቱን ከተተና አጥንቱን ሲቆረጥም ድምፁ እስከ ድንኳኑ ተሰማ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ "ቢተው፣ አንተ ጌታ አድርገኸው፣ እሱ ከነጭራሹ ጌትነቱን ለጉድጓድ ሸጠው" አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

ቢተው ከአጥሩ ዱላ መዘዘ። "አዋረደኝ" አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ይህ ውሻ ነው ከበሬ ቀንድ ያወጣው። ሰው ሲቆጣ ምን ያህል ቶሎ ይረሳል።

እማዋይ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በዱላውና በውሻው መሀል ቆመች።

"በል ምታ" አለችው። "ከእኔ ጀምር።"

"ዞር በይ ሴትዮ። በሰው ፊት አታሳፍሪኝ።"

"ይህ ውሻ የሚሞተው እኮ ለሰው ፊት ነው። ውሻውን አብልተኸው አታውቅም፤ ስትቀልብ የኖርከው ስምህን ነው። እግሩ ሲደማ ጫማ አሰፋህለት። እኔ ከገበያዬ ስቀር ወርቅ አሰርክልኝ። እሱም አነከሰ፣ እኔም ታፈንኩ፤ አንተ ግን ተጨበጨበልህ። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለህ ምን ያማችኋል አላልክም።"

የሳቀው ሁሉ አቀረቀረ። እማዋይ ወርቁን ከአንገቷ ፈታችና ማንም ያልበላው ያ ምርጥ ሥጋ ላይ አስቀመጠችው። ውሻው የያዘውን አጥንት እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ በነጠላዋ ጠቅልላ በጋሪ አስጫነችውና ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። የሚከለክላት አልተገኘም።

ከወንድሟ ቤት ገበያው ቅርብ ነው። እማዋይ እንደገና ቅቤ መሸጥ ጀመረች። ቋያም ዶክተር ሽታዬ እንዳለችው ከሥጋው ጋር ጥሬ አጥንት፣ የታጠበ ጨጓራ፣ አልፎ አልፎ ቁራሽ ጉበት ይበላል። ጠዋት ማታ እግሩ ይታጠባል። ጠጉሩ ተመለሰ፤ ስንጥቆቹም አንድ በአንድ ገጠሙ። አንዱ ጥልቅ ቁስል ብቻ ቀረ።

ክረምቱ ሲያልፍ ቢተው ሽማግሌ ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ከበፊቱ የወፈረ ወርቅና አንድ ሙሉ የበሬ ጭን። እማዋይ ሁለቱንም አይታ ደሟ ፈላ።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የንስሐ አባቱ አባ ጥሩነህ፣ "ልጄ፣ ተጸጽቷል" አሏት። "ስለ መሐላውም ንስሐ ሰጥቼዋለሁ። መሐላ የተሰጠን የእግዜርን ፍጥረት ልንገድልበት አይደለም ብዬዋለሁ። አሁን ምን ይካስሽ?"

"እርስዎ አይጠይቁኝ አባ። እሱ ይጠይቀኝ።"

ቢተው ወርቁን አየ፤ ሥጋውን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ። እማዋይ ገብታ ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳፋ ይዛ ወጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

"የውሻው እግር የሚታጠብበት ሰዓት ነው" አለችው።

ሰውየው ኩታውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና በሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከከ። ቋያ ሸሸት አለ፤ ኋላ ግን ጠጋ ብሎ አሸተተው። ቢተው አንዱን እግር ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መለሰው። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

"የትኛው እግሩ ነው የሚያመው?"

እማዋይ ቶሎ አልመለሰችም፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። እሱም መልሷን ሳይሰማ አልተነሳም።

"መልስ ፈልገህ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው" አለችው። "የኋላ ግራው ነው። በቀስታ እጠበው።"

ያን ቀን አብራው ተመለሰች የሚሉ አሉ፤ ብዙ አስለምናዋለች የሚሉም አሉ። ቅቤ መሸጧን ግን እስክታረጅ እንዳልተወች ሁሉም ይስማማል፤ ቋያም ከቅቤው ቅርጫት አጠገብ አጥንቱን እየቆረጠመ ይውል ነበር።

ሰጪውን ብቻ የሚያስከብር ስጦታ ተቀባዩን ያስርበዋል። ምርጡን ሰጥቻለሁ እያልን ስንቱን አስርበናል፤ ሲያነክስም ውለታ ቢስ ብለን ዱላ አንስተንበታል። ከመስጠታችን በፊት ጎንበስ ብለን የሚያመውን ብንጠይቅ ከወርቁም ከሻኛውም ይበልጥ ነበር።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እናንተስ ያማረ ጫማ አልብሳችሁ ያፈናችሁት የማንን ቁስል ነው?