የመጨረሻዋ ነዶ

ሰው ጠቡን ሲያከር «ትንሽ ይቆይ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ የሚጠቅሳት አንዲት ተረት አለች። ብዙ ሰው ስለ እህል የተነገረች ይመስለዋል። ስለ ጦር ናት።

ላይ አምባና ታች አምባ በአንድ የግጦሽ መስክ ተጣልተው፣ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ሆነው ሲታኮሱ ከረሙ። ጠመንጃው አሮጌ፣ ተኳሹ ችኩል ስለነበር ከአንድ በግ በቀር የሞተ የለም። የላይ አምባው ይርዳው ግን እንቅልፍ አጣ። ወንድ ልጁ ከወዲህኛው ካብ፣ የሴት ልጁ ባል ከወዲያኛው ካብ ጀርባ ተኝተዋል። ማንም ማንን ቢመታ ለቅሶው የሚገባው ከእሱ ደጅ ነው።

ገብሱ ደረሰ። የሁለቱም አውድማ አንድ ነው፤ እሱም ከካቦቹ መካከል። የአጥቢያው ቄስ መምሬ ዋሴ መስቀል ይዘው መጡና የመጨረሻዋ ነዶ እስክትወቃ ማንም እንዳይተኩስ አማማሏቸው። ዛሬ ወታደር ተኩስ አቁም የሚለውን እነሱ የአውድማ ቃል አሉት። እርቅ አይደለም። ጠቡ እንዳለ ነው፤ ጣት ብቻ ከምላጭ ይነሳል።

ውቂያው ተጀመረ። ላይ አምባ በሬ ሲያጥረው ታች አምባ አዋሰው። ያንዱ መንሽ ሲሰበር ጠላቱ ጠረበለት። ክምሩ ባነሰ ቁጥር ሥራው እየዘገመ ሄደ። አንዲት ነዶ ስትቀር ይርዳው «ወገቤን» ብሎ ተቀመጠ። ሌላውንም ሁሉ ወገቡን አመመው።

ነዶዋ እዚያው ሰነበተች። ታች አምባ፣ እነዚያ በስውር ወቅተው ቀድመው እንዳይተኩሱብን ብሎ ዘበኛ አቆመ። ላይ አምባም እንዲሁ። ዘበኞቹ የይርዳው ልጅና አማቹ ነበሩ። ጠመንጃቸውን ታቅፈው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከአንድ ቁና ቆሎ እየዘገኑ፣ ዶሮ ሲመጣ አብረው እሽ ይሉ ነበር።

ይህ የላይ አምባውን የጎበዝ አለቃ ጓንጉልን አሳፈረው። ነገ በሰደፌ እወቃታለሁ ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናገረ። ይርዳው ሰማ። ጎሕ ሲቀድ አህያውን ፈታና ወደ አውድማው አፏን አዙሮ ለቀቃት። ዘበኞቹ አዩ። የአንዱ አባት፣ የሌላው አማት አህያ ናትና እሽ ለማለት አፈሩ።

ጓንጉል ሲደርስ ገለባ እንኳ የለም። ነዶዋ ካለቀች ቃሉም አልቋል አለና ጥይት አጎረሰ። ከወዲያም አጎረሱ። ይርዳው መሐል ገብቶ መምሬ ዋሴን አስጠራ።

«መምሬ፣ ቃሉ እስክትወቃ ነው ወይስ እስክትበላ?»

«እስክትወቃ።»

«ተወቃች?»

«አልተወቃችም።»

«ከእንግዲህስ ትወቃለች?»

መምሬ ዋሴ የአህያዋን ሆድ አዩ። «ማን ገብቶ?»

ጓንጉል መሐላ የሚፈራ ሰው ነው። ቆሞ ብዙ አሰበ።

«እንግዲያስ በሬ አምጡ» አለ። «ከነአህያዋ ትበራይ።»

በመጀመሪያ የታች አምባ ካብ ሳቀ። ከዚያ የላይ አምባ። የሚስቅ ሰው ደግሞ ማነጣጠር አይሆንለትም፤ አፈሙዙ ሁሉ ወደ መሬት ወረደ። አማችየው ሆዱን ይዞ በይርዳው ልጅ ትከሻ ላይ ተደገፈ። ጓንጉል ብቻውን ቆሞ ቆየና ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

መምሬ ዋሴም አህያዋን በመስቀላቸው ባረኩና፣ «ሳትወቃ የቀረች ነዶ፣ አገር አዳነች ከመርዶ» አሉ።