ጃርትና አልበላም ያለችው ሸረሪት

ግባ፣ ግባ፣ ቦታ አለ። በሩን መለስ አድርገውና ከባለ ኮፍያው ጎን ጠጋ በል። ብዙ አላመለጠህም፤ ጃርት ገና እየሮጠ ነው። ወዴት? ወደ ዶሮ ቤት። ለምን? መርዶ ሊነግር። እሾሁ ሁሉ ቆሟል፣ እንባው አፍንጫው ላይ ደርሷል፣ አንዴ ድንጋይ ይመታዋል፣ አንዴ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ እሱ ግን አይቆምም።

«እትዬ ዶሮ! እትዬ ዶሮ! እንግዳዬ ሞተችብኝ!»

እንግዳዬ የሚላት ማንን ነው? ሸረሪትን ነው። ያቺ ጣራ ሥር ድር የምታደራዋ ቀጫጫ እንዳትመስልህ። ይቺ መዳፍ የምታክል፣ እግሯ ሁሉ ጸጉር የለበሰ፣ ታራንቱላ የሚሏት ናት። አውሬው ሁሉ ሲነጋገር፣ ዕቃው እንኳ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ጃርት ሥር ሲቆፍር ሳያውቅ ጉድጓዷን ናደባት። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ደስ አለው።

ቤት አፍርሶ ደስ ይላል ወይ? እንዴ፣ ጃርት ነዋ! ማን ያቅፈዋል? ማን ቤቱ ያድራል? ፍየል እንኳ ከሩቅ ነው ሰላም የምትለው። አሁን ግን ቤት የሌላት እንግዳ አገኘ። አንገቱ የተሰበረ ገንቦ ነበረው፤ በጎኑ አስተኛው፣ እስከ ግማሹ እርጥብ አፈር ጨመረበት፣ «ይኸው ቤትሽ» አላት።

ሸረሪት ገባች። ገንቦው «እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ እጅ የለኝም፣ አልነካሽም» አላት። እሷም ይህን ወደደችለት።

ጃርት ግን እጅ ነበረው።

«ነይ ውጪ፣ ትከሻዬ ላይ ላስቀምጥሽ» አላት።

«አልፈልግም፣ ተወኝ» አለች። ሁለት የፊት እግሮቿንም ወደ ላይ አነሳች።

«አየሃት ገንቦ? እጇን አንስታ ሰላም ስትለኝ!»

«ኧረ ሰላም አይደለም፤ ዞር በል ማለቷ ነው» አለ ገንቦው።

«ይሉኝታ ይዟት ነው። እንግዳ መቼ በአንዴ እሺ ይላል?»

አወጣት። ትከሻው ላይ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ተንሸራታ ወደቀች። ጭድ ላይ ወደቀች እንጂ ድንጋይ ላይ ቢሆን ኖሮ ሆዷ እንደ እንቁላል ይፈርጥ ነበር።

ቀጥሎ ዶሮ መጥታ መከረችው። «እንግዳህ በርዷታል። እኔ ጫጩቶቼን ያሳደግኳቸው ፀሐይ ላይ ነው።» ጃርት ገንቦውን እየገፋ ፀሐይ ላይ አወጣው።

«አልፈልግም፤ እኔ ጥላና እርጥበት ነው የምወደው» አለች ሸረሪት፤ እግሮቿን አነሳች።

«ይሉኝታ!» አለ ጃርት።

አፈሩ ደረቀ። የሸረሪት እግሮች አንድ በአንድ ወደ ሆዷ ተሰበሰቡ። ደግነቱ ያን ቀን ዘነበ፤ ገንቦው በተሰበረ አንገቱ በኩል ውሃ እያስገባ አተረፋት። ጃርት ዝናቡን አመስግኖ ገንቦውን ወደ ጥላው መለሰው፤ እሷን ግን ምንም አልጠየቃትም።

ሦስተኛው የምግብ ነገር ነው። አንድ ቀን ሸረሪት መብላት አቆመች።

«አልበላም» አለች።

«በሞቴ!»

«አልበላም።»

«በሞቴ አልኩሽ! አንዲት ፌንጣ ብቻ! ቤቴ መጥተሽ ጾምሽን ልታድሪ ነው? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

ወፍራም ፌንጣ ይዞ ገንቦው ውስጥ ጣለላትና ሄደ። ፌንጣው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። «እናት ዓለም፣ ልጆች አሉኝ፣ አትብዪኝ!» አለ። ሸረሪት ዝም። ትንሽ ጠጋ አለ። ዝም። ፌንጣ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ አራዳ ነው። አጠናት። ድክም ብሏታል፣ እግሯን ማንሳት እንኳ ትታለች። መንቀጥቀጡን ተወ።

በማግስቱ ጃርት ብቅ ቢል ሸረሪት በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ስምንቱም እግሮቿ ወደ ሰማይ። ፌንጣው አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ወንድሜ ጃርት፣ አሁን ነው ያለፈችው» አለ ፌንጣ። «በለቅሶ ጊዜህን አታጥፋ፤ ሂድ ጎረቤት ጥራ። እኔ አለሁ፤ ሬሳ ብቻውን አይተውም።»

«ፌንጣ፣ አንተን ነው ለምሳ ያመጣሁህ! ለካ እንዲህ ያለ ደግ ነህ!» ብሎ ጃርት እያለቀሰ ሮጠ።

ይኸው እሱ ነው ሩጫው። አንተ ስትገባ የደረስክበት።

እሱ ዞር ሲል ፌንጣው አፉን ጠረገ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለው ገንቦው።

«ምሳ ልበላ ነዋ። እሷ እኔን እንቢ አለች፤ እኔ እሷን እንቢ አልልም።»

ገንቦው እጅ የለው፣ እግር የለው፤ ያለው ባዶ ሆድና ትልቅ ድምፅ ነው። ጮኸ። «ኡኡ! አልሞተችም! ኡኡ!» ወንዙ ማዶ ድረስ ተሰማ። ዶሮ ክንፏን ደረቷ ላይ እየመታች ደረሰች፣ አህያ ለለቅሶው ድንኳን ልጫን ብላ ደረሰች፣ ጃርት ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

«አልሞተችም!» አለ ገንቦው። «ቆዳዋን ልትቀይር ነው የተኛችው፤ አሁን ነገረችኝ! ፌንጣው እግሯን እየገዘገዘ ነው!»

«ወይኔ ልጄን! ምን ትጠብቃለህ?» አለች ዶሮ። «አውጣትና እቀፋት! በሆዷ ገልብጣት!»

ጃርት እጁን ሰደደ። ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«አትንካኝ።»

«ይሉኝታ ነው!» አለች ዶሮ። «ሰው በጭንቁ ሰዓት አታስቸግሩብኝ ይላል። እቀፋት አልኩህ!»

የጃርት እጅ አየር ላይ ቀረ። አስቡት እንግዲህ፤ በዕድሜው ያገኛት አንዲት እንግዳ ናት። ገንቦው ቢናገርም ልትሞት ነው ብሎ ይፈራል። አቅፎ ሊሸኛት ልቡ ይዘላል። እሷ ደግሞ አሁን ዞር በል ብላ የምታነሳው እግር እንኳ የላትም፤ የቀራት ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«እትዬ ዶሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትከሻህ ላይ አልወጣም አለችኝ፤ አወጣኋት፣ ወደቀች። ፀሐይ አልፈልግም አለችኝ፤ ደረቀች። አልበላም አለችኝ፤ ይኸው በፌንጣ ልትበላ ነው። ይቺ እንግዳ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታኝ አታውቅም።»

እጁን መለሰ። ከጀርባው አንድ ረጅም እሾህ ነቀለ፣ እሷን ሳይነካ ቀስ አድርጎ አሳለፈና ፌንጣውን ጭኑ ላይ ወግቶ አወጣው።

«ወንድሜ ጃርት! ሬሳ እየጠበቅኩልህ እኮ...»

ዶሮ ለቅሶዋን አቋርጣ ዋጠችው።

ከዚያ ተቀመጡ። ማንም አልነካ፣ ማንም አልነቀነቀ። ጃርት ዝቅ ብሎ ያያል። ምን ይሆን? እንዴት ይሆን? ድንገት የሸረሪት ደረት ተሰነጠቀ። ጠባብ ሱሪ እንደሚያወልቅ ሰው እግሯን ጎተተች፣ አረፈች፣ ሌላውን ጎተተች። አዲሱ ጸጉሯ ያብረቀርቃል። በመጨረሻ ሁለት ሸረሪት ሆነው ታዩ።

«ወለደች! እልልል!» አለች ዶሮ።

«ኧረ ዝም በይ» አለ ገንቦው፤ «ያኛው ባዶ ልብሷ ነው።»

የአንዱ እግሯ ጫፍ ግን የለም፤ ፌንጣው በልቶታል። ጃርት አየና ፊቱን አዞረ። «በሚቀጥለው ልብሷን ስትቀይር ይበቅላል፣ አትዘን» አለው ገንቦው።

በማግስቱ ዶሮ ትል ይዛ መጣች። «ይህን ሁሉ ታግላ በባዶ ሆዷ? በሞቴ ብለህ አብላት!»

«አልበላም» አለች ሸረሪት፤ «ጥርሴ ገና አልጠነከረም።»

«ይሉ...» ብላ ዶሮ ልትጀምር ስትል፣ ጃርት ትሉን መልሶ ዶሮዋ እግር ሥር አስቀመጠላት።

«አልበላም ካለች አትበላም፣ እትዬ ዶሮ።»

ዶሮ ተቀየመች፤ ትሏን አንጠልጥላ ሄደች። ጃርት ከገንቦው ራቅ ብሎ፣ እሾሁን አስተኝቶ፣ እጆቹን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ምክሩ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ እንግዳ ያስጠጋም ሆነ ፍጥረት ያሳደገ፣ አልፈልግም ሲባል ይመን። እንግዳ እምቢታዋ ካልተሰማላት፣ የምትፈልገውን ለማን ብላ ትናገራለች? ጃርት በዚያ ቀን አመነ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ዘቅዘቅ ስትል ሸረሪት ወደ ገንቦው አፍ ቀስ ብላ ብቅ አለችና፣ ማንም ሳይጠይቃት ጠራችው።

«ጃርት» አለችው፣ «ውሃ ግን ካለ እጠጣለሁ።»