አፋቸውን እንደከፈቱ የቀሩት አማት

እግዜር በፈቀደው አንድ ዘመን አራት የኢንተርኔት ድርጅቶች አዋጥተው ገመዳቸው የሚገናኝበትን አንድ የጋራ ቤት ሠሩ። በዚያ ቤት የማንም መልእክት ማንንም ሳይቀድም እኩል ያልፍ ነበር። ታዲያ ከባለቤቶቹ ሁሉ ሀብታሙ አቶ ስንሻው አንድ ቀን መጡና የቤቱን ሠራተኛ አፋጠጡት።

«የእኔ ደንበኞች ይቅደሙ፤ የሌሎቹን አዘግየው። እምቢ ካልክ ሌላ እንጀራ ፈልግ።»

ሠራተኛው የአምስት ልጆች አባት ነው። በልቡ ጸለየና «እሺ ጌታዬ» ብሎ መሣሪያውን ነካካ። «እስቲ ለሌላ ድርጅት ደንበኛ ደውለው ይሞክሩት።»

አቶ ስንሻው እየተጀነኑ ለአማታቸው በቪዲዮ ደወሉ። «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አማትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ፣ አፋቸው አልገጠመም።

«ምን አደረግሃቸው አንተ?»

«ያዘዙኝን ነዋ» አለ ሠራተኛው። «የእርስዎ ሰላምታ እንደ ጥይት ደርሷል። እሳቸው ግን አዘግያቸው ካሉኝ ወገን ናቸውና መልሳቸው ገና መንገድ ላይ ነው። ጌታዬ፣ ብቻዎን ለማውራት ከሆነ ይህ ሁሉ ገመድ ምን ያደርግልዎታል? መስተዋት ይበቃዎት የለ።»

«በል ፍታቸው» አሉ አቶ ስንሻው፤ የማባረሩንም ነገር ዳግመኛ አላነሱት።