ወረዳውን ዘሎ ሰበር የሄደው ሰውዬ

የፍርድ ቤትን ነገር እኔን ጠይቁኝ! ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአክስቴ ጋር ወረዳ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሻይ ሸጫለሁ። ዳኛው ሳይፈርድ እኔ ፈርጄ እጨርሳለሁ! ደግሞ በክርክር የረታኝ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ዝናሽ፣ ከኋላ ሆነሽ አትሳቂ፤ ዘማሪ ነሽ እኮ!

እና አንድ ሰውዬ ነበር። አንድ ጠዋት እኛ ጋ ሻይ ሲጠጣ መጥሪያ አመጡለት። ጎረቤቱ እትዬ ብርቄ ከሳዋለች። በምን? በአቮካዶ! አጥራቸው ላይ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ የሰውዬው አባት የተከሉት። እሷ ደግሞ "የቆመው በእኔ ይዞታ ነው" አለች። ቀጠሮው ለሐሙስ ነው።

ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረቀቱን አጥፎ ብርጭቆው ስር ወሸቀው። "ወረዳ? እኔ ወረዳ ልቆም? ቀጥታ ሰበር ነው የምሄደው!"

"ኧረ ጋሼ፣" አለች አክስቴ፣ "መጀመሪያ እዚህ ይታያል። ካልተስማሙ ይግባኝ ብለው ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ። ሰበር እኮ የሁሉም መጨረሻ ነው።"

"እኔ ትንሽ በር አላንኳኳም! ትልቁ ዳኛ ያውቅልኛል!"

ሐሙስ ደረሰ። ወረዳው ላይ "ተከሳሽ!" ተብሎ ይጠራል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አቤት የሚል የለም። ተከሳሽ የት ነው? ኮቱን ለብሶ፣ ለማስረጃ ብሎ ሦስት አቮካዶ በፌስታል ይዞ፣ አዲስ አበባ!

እዚያ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አየችው። "አባቴ፣ የስር ፍርድ ቤት ውሳኔዎ የታለ?"

"የምን ውሳኔ? ገና መጀመሬ ነው!"

"እዚህ ክርክር አይጀመርም። ታች ታይቶ፣ ይግባኙም አልቆ፣ ውሳኔው ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ይመለሱ። አቮካዶውንም ይዘውልኝ ይሂዱ።"

ተመለሰ። አቮካዶው ፌስታሉ ውስጥ ተጨፍልቋል። ወረዳውስ? በሌለበት ፈርዶ ጨርሷል! ዛፉ የእትዬ ብርቄ ሆኗል።

ሮጦ ዳኛው ፊት ቆመ። "በሌለሁበት እንዴት ይፈረድብኛል? እንደገና ይታይልኝ!"

"በቀጠሮው ቀን የት ነበሩ?"

"ሰበር ሄጄ!"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ግን አልሳቁም። "ይህ በቂ ምክንያት አይደለም" አሉ። አለቀ።

ቆይ፣ ገና ነው! ሲወጣ እትዬ ብርቄ እኛ ጋ ቁጭ ብላለች። ምን አለችው መሰላችሁ? "አንተ ሞኝ! ሐሙስ ሽማግሌ ይዤልህ መጥቼ ነበር። 'ዛፉን አባትህ ነው የተከለው፣ እኩል እንብላ' ልልህ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። ቀረህ።"

ሰውዬው ሻይ አዝዞ ቁጭ አለ። የአባቱ ዛፍ ነበር እኮ! ያን ቀን ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ወገኖቼ፣ በማን ሳቃችሁ? በእሱ? እናንተስ? ጎረቤታችሁን ትሰድባላችሁ፤ ከዚያ ቤት ዘግታችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ "ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ!" ቀጥታ ወደ ላይ! የሰደባችሁት ሰው ግን አጥር ማዶ አለ። አንኳኳችሁ? አላንኳኳችሁም! ሰማይ የሁሉ የበላይ ነው፣ አሜን። ግን ከላይ ምን ብለው የሚጠይቋችሁ ይመስላችኋል? "ታች ጨርሰሃል ወይ? ታች ጨርሰሻል ወይ?" ነው የሚሏችሁ!

ታች ማን ነው? የገላመጣችሁት ወንድማችሁ ነው። ያስለቀሳችኋት እህታችሁ ናት። ያቺ ትንሽ በር፣ ያቺ የናቃችኋት በር፣ እሷ ናት የመጀመሪያዋ! ምናልባትም እዚያ በር ላይ፣ "እኩል እንብላ" ልትላችሁ የቆመች አንዲት እትዬ ብርቄ አለች። እስከ መቼ ትጠብቃችሁ?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደየወረዳችሁ ሂዱ! እኔማ ምን አለብኝ፣ ትናንት ማታ ጸልዬ ፋይሌን ዘግቻለሁ፤ እናንተ ግን . . .

ዝናሽ ከኋላ ብድግ አለች።

"በዘማሪዎቹ ሁሉ ፊት 'ድምፅሽ የፍየል ነው' ካልሽኝ ሦስት ሳምንት ሆነሽ። ወረዳሽ እኔ ነኝ፤ ውረጂና ነይ!"